ድምፅ የሌለው ፍላጻ፦ ከደጋን አገር እስከ ዲር ፓርክ

ሴንት አልባንስ የሚኖር ሰው በመኪና ወደ ደቡብ ምዕራብ ጥቂት ደቂቃ እንደነዳ ዲር ፓርክ ይገባል። ስሙን በባቡር ጣቢያና በመንገድ ሰሌዳ ላይ በየቀኑ እናየዋለን፤ ከየት እንደመጣ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። «የአጋዘን ፓርክ» ማለት ሲሆን፣ ስያሜውን ያገኘው በ19ኛው መቶ ዘመን የሜልበርን ሐንት ክለብ ለአደን የሚለቀቁ አጋዘኖች ያኖርበት ስለነበር ነው። ያ አደን የጌቶች አደን ነበር፤ ፈረሱ ይጋልባል፣ ውሻው ይጮሃል፣ መለከቱ ይነፋል። በእኛም አገር መኳንንቱ ለአደን ሲወጡ ጥይቱ ይንጣጣል፣ ገዳዩ ሲመለስ ፉከራውና ቀረርቶው መንደሩን ያናውጠዋል። ታሪክ ጸሐፊዎቻችን በብዛት ያቆዩልን ይህንኑ ድምፀ ብዙ አደን ነው።

ይሁን እንጂ ሌላ ዓይነት አደን ነበረ፤ ዛሬም አለ። እርሱም የደጋን አደን ነው። በዚህ አደን ድምፅ ያሰማ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። በዛሬው ጽሑፋችን የምናነሳው ጉዳይ ትንሽ ይመስላል፦ አዳኙ ደጋኑን ሲስብ ፍላጻው እንዳይፋጭና እንዳይንኳኳ ምን ይደረጋል? ነገሩን ወደ ኋላ ተከትለን ስንሄድ ግን ከአንድ ሕዝብ ክብርና ውርደት ታሪክ ጋር ተያይዞ እናገኘዋለን።

አንባቢ እንዳይደናገር፣ ደጋን የምንለው ጎባጣውን እንጨት፣ አውታር የምንለው የሚሳበውን ጅማት ወይም ገመድ፣ ፍላጻ የምንለው የሚወረወረውን ዘንግ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሦስቱ ድምፆች

የደጋን መሣሪያ ሦስት ጊዜ ድምፅ ያወጣል። የመጀመሪያው ሲሳብ ነው፤ ፍላጻው በማሳረፊያው ላይ ወደ ኋላ ሲንሸራተት ይፋጫል። ሁለተኛው ሲለቀቅ ነው፤ አውታሩ ተመልሶ ሲወጠር ይነዝራል። ሦስተኛው በአየር ላይ ነው፤ ከፍላጻው ጅራት ያለው ላባ አየሩን ሲቀድ ሹክ ይላል።

ሁለተኛውን ድምፅ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እናቶቻችን ጥጥ የሚነድፉበት መሣሪያ ስሙ ራሱ ደጋን ነው። አውታሩ በተመታ ቁጥር ይነዝራል፤ ጥጡን የሚያፍታታውም ያው ንዝረት ነው። በግዕዝ «ነደፈ» የሚለው ግሥ ጥጥ መንደፍን ብቻ ሳይሆን በፍላጻ መውጋትንም ይጨምራል። ጥጥ ነዳፊዋና ፍላጻ ወርዋሪው በቋንቋችን ውስጥ ዘመዳሞች ናቸው ማለት ነው።

የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ነው። ከተለመደ የእንጨት ደጋን የወጣ ፍላጻ ግን በሰከንድ 50 ሜትር ያህል ቢሄድ ነው። አጋዘኑ በ20 ሜትር ርቀት ላይ ከቆመ የአውታሩ ድምፅ በ0.06 ሰከንድ ጆሮው ይደርሳል፤ ፍላጻው ግን 0.4 ሰከንድ ይፈጅበታል። በመካከሉ የሰከንድ አንድ ሦስተኛ ያህል ጊዜ አለ። ለእኛ ምንም አይደለም፤ ለደነገጠ አጋዘን ግን ጎንበስ ብሎ ለመፈናጠር ይበቃዋል።

የመጀመሪያው ድምፅ ከዚህም ይከፋል። አዳኙ ገና አልለቀቀም፤ ክንዱ ተወጥሯል፤ አውሬው ቀና ብሎ ወደ እርሱ ያያል። ከዚያ በኋላ መያዝም ጭንቅ፣ መልቀቅም ከንቱ ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንደሚባለው የወጣ ድምፅ አይመለስም። ስለዚህ ከጥንት ጀምሮ የደጋን ሰዎች ከሁሉ በፊት የተጨነቁለት ነገር ይኸው ያለ ድምፅ መሳብ ነው።

የደጋን አገር

የጥንት ግብፃውያን ከደቡባቸው ያለውን የኑብያን ምድር «ታ ሴቲ» ይሉት ነበር፤ የደጋን አገር ማለት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 2000 ዓመት ገደማ በአስዩት በተቀበረው በመሰህቲ መቃብር ውስጥ 40 ትናንሽ የእንጨት ምስሎች ተገኝተዋል። ሁሉም ደጋንና ፍላጻ የያዙ የኑብያ ተዋጊዎች ናቸው። በካይሮ ሙዚየም በአራት በአራት ተሰልፈው የጎበኛቸው ሁሉ አይቷቸዋል። በ7ኛው መቶ ዘመን ደግሞ ዓረቦች በዶንጎላ አካባቢ ኑብያውያንን ሲወጉ ብዙ ሰው በፍላጻ ዓይኑን ስላጣ፣ ኑብያውያኑን «ዓይን አነጣጣሪዎች» ብለው ጠርተዋቸዋል።

የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ የተወልን ታሪክ ደግሞ ስለ መሳብ ነው። የፋርስ ንጉሥ ካምቢሰስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዘመን ግብፅን ከያዘ በኋላ ወደ «ኢትዮጵያውያን» ንጉሥ ሰላዮች ላከ። ንጉሡ የሰላዮቹን ተንኮል ስላወቀ አንድ ትልቅ ደጋን ሰጥቶ፣ ፋርሶች ይህን የሚያህል ደጋን እንዲህ በቀላሉ መሳብ ሲችሉ ብቻ ይምጡ ሲል መለሳቸው። ከፋርሶች ወገን ጥቂት እንኳ ሊስበው የቻለው የንጉሡ ወንድም ብቻ ነበር፤ እርሱም ሁለት ጣት ያህል። በእርግጥ ሄሮዶቱስ ኢትዮጵያ የሚለው በዘመናችን ሱዳን ውስጥ ያለውን ምድርና ከዚያም ወዲያ ያለውን ነው። ታሪኩም ተረት የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። ቁም ነገሩ ግን እውነት ነው፤ ደጋን የሚከብደው ሰው ሲስብ ይንቀጠቀጣል፣ የተንቀጠቀጠ እጅ ፍላጻውን ያንኳኳል። የዝምታ መጀመሪያዋ ጉልበት ናት።

ወደ አገራችን የጽሑፍ ታሪክ ስንመጣም ደጋን አይጠፋም። ከ1314 እስከ 1344 የነገሡት የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል በ1332 ስለተደረጉት ጦርነቶች ሲተርክ በሁለቱም ወገን የፍላጻ ተዋጊዎችን ይጠቅሳል። በ16ኛው መቶ ዘመን የግራኝ አሕመድን ዘመቻ የጻፈው ዓረብ ፈቂህ ደግሞ በዐፄ ልብነ ድንግል ሠራዊት ውስጥ የነበሩትንና በመርዘኛ ፍላጻቸው የሚፈሩትን የማያ ሰዎች ያነሳል። ማያዎች ከብት አርቢዎች ነበሩ። ፍላጻቸው ግን በወዳጅም በጠላትም ዘንድ ስም አውጥቶላቸው ነበር። ዛሬ ማያ የሚለውን ስም ከታሪክ ተማሪ በቀር ማን ያውቀዋል? ጋሻና ጦር በየግጥሙ፣ ጠመንጃ በየፉከራው ሲወደስ ደጋን ግን ከዘፈናችን ወጥቷል።

ማሳረፊያው እጅ በነበረበት ጊዜ

አሁን ወደ ድምፁ እንመለስ። በአፍሪካ የተለመደው ደጋን ከአንድ እንጨት ወይም ከቀርከሃ የተሠራ ነው። በመካከሉ ለፍላጻው የተቀረጸ መደርደሪያ የለውም። ፍላጻው የሚያርፈው ደጋኑን በጨበጠው እጅ ላይ ነው። የሰው ቆዳ ለስላሳ ነው፤ ሸምበቆ ወይም እንጨት በላዩ ሲንሸራተት ድምፅ አይሰጥም። ይህ ብቻም አይደለም። ፍላጻው ትንሽ ከተንቀጠቀጠ እጅ ወዲያው ይሰማዋል፣ ራሱም ያስተካክለዋል። በመካከለኛው ዘመን የነበሩት የእንግሊዝ ረጅም ደጋን ተዋጊዎችም ፍላጻቸውን የሚያሳርፉት በእጃቸው ላይ ነበር። ስለዚህ ሲሳብ የሚፋጭ ፍላጻ ለብዙ ሺህ ዓመት ያን ያህል የሚያስጨንቅ ችግር አልነበረም፤ መድኃኒቱ የአዳኙ እጅ ነበር።

በአገራችን ደቡብ በቦረናና በሰሜን ኬንያ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ጻቮ ድረስ፣ ዋታ የሚባሉ ኦሮምኛ ተናጋሪ አዳኞች አሉ። የዋታ ደጋን እጅግ ብርቱ ነው፤ ከእንግሊዙ ረጅም ደጋን ጋር እስኪወዳደር ድረስ። በእርሱ የሚያድኑት ዝሆንን ነበር። ዝሆን በፍላጻ እንዲወድቅ መርዝ ያስፈልጋል፣ መርዙ እንዲሠራ ቆዳውን ዘልቆ መግባት አለበት፣ ለዚህ ደግሞ በጣም መቅረብ ግድ ነው። እንግዲህ ያን የሚያህል ደጋን ያን በሚያህል ቅርበት፣ ያን የመሰለ ጆሮ ባለው እንስሳ አጠገብ ያለ ኮሽታ መሳብ ምን ዓይነት ጥበብ እንደሚጠይቅ አንባቢ ይፍረድ። መርዝ የተቀባውን የፍላጻ ጫፍ በስስ ቆዳ ይጠቀልሉታል። ቆዳው መርዙ እንዳይደርቅ፣ አዳኙንም እንዳይቧጭረው ይጠብቃል። ጠንካራውን ነገር በለስላሳ መሸፈን የሥራቸው ልማድ ነበር።

መርዙ የሚገኘው በአማርኛ መረንዝ ከምንለው ዛፍ ወገን ነው። በ1888 አርኖ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ከዚሁ ዛፍ ንጥረ ነገሩን ለይቶ አወጣ። «ዋባይን» ተብሎ የሚጠራውም የፍላጻ መርዝ ከሚለው የሶማልኛ ቃል ተወስዶ ነው። ሐኪሞች በጥቂቱ እየመጠኑ ለልብ ሕመም ሲሰጡት ኖረዋል። የአዳኙ እውቀት በአውሮፓ ላቦራቶሪ ገብቶ ሲከበር ባለቤቱ ግን በገዛ ቀየው አልተከበረም።

ይህን ስንናገር ራሳችንንም ሳንመረምር ማለፍ አይገባንም። ዋታ በጎረቤቶቹ ዘንድ ዝቅ ተደርጎ ይታይ ነበር። በካፋ ማንጆ፣ በጣና ዳር ወይጦ የሚባሉት አዳኞችም እንዲሁ በሚበሉት ሥጋ ምክንያት ከማዕድ ተለይተው፣ ጋብቻ ተከልክለው ኖረዋል። በምዕራብ ጠረፍ ያሉት እንደ ጉሙዝ ያሉ የደጋን ሕዝቦች ደግሞ ለብዙ ትውልድ የባሪያ ፈንጋይ መጫወቻ ሆነዋል። ደጋን ከዘፈናችን የወጣው መሣሪያው ስለተናቀ ብቻ አይመስለንም፤ የያዙት ሰዎች ስለተናቁ ጭምር ነው።

ብረት ሲመጣ ድምፅ መጣ

በ20ኛው መቶ ዘመን ነገሩ ተለወጠ። በ1939 ዳግ ኢስተን የተባለ አሜሪካዊ ፍላጻ ከአሉሚኒየም ቱቦ መሥራት ጀመረ። ቱቦው ቀጥ ያለ፣ አንዱ ከአንዱ የማይለይ ነበር፤ ለተኳሽ ትልቅ ጥቅም ነው። በ1966 ሆለስ አለን የተባለ ሌላ አሜሪካዊ በጫፎቹ ላይ መዘውር ያለው ደጋን ፈጠረ፤ የፈጠራ መብቱንም በ1969 አገኘ። ይህ «ኮምፓውንድ» የሚባለው ደጋን ሙሉ በሙሉ ሲሳብ ክብደቱን ስለሚቀንስ አዳኙ ስቦ ለመቆየት ይችላል። ቀጥሎም የካርቦን ፍላጻ መጣ። እጅ ከፍላጻው ሥር ወጣ፤ በቦታው የፕላስቲክ ወይም የብረት ማሳረፊያ ገባ።

ያን ጊዜ ነው ፍጭቱ የተወለደው። ጠንካራ ቱቦ በጠንካራ ብረት ላይ ሲጎተት ይጮሃል። ቱቦው ውስጡ ክፍት ስለሆነ ድምፁን ያጎላዋል። ማሳረፊያውን ቢስት ደግሞ ከደጋኑ አካል ጋር ተጋጭቶ እንደ ሳህን ይንኳኳል። ፈጣን፣ ቀጥተኛና ብርቱ የሆነው አዲሱ መሣሪያ አያት ቅድመ አያቶች የማያውቁትን ችግር ይዞ መጣ።

ኢሺና ሐኪሙ

ፈረንጆቹ ለአደን ወደ ደጋን የተመለሱበት ታሪክም ሊነገር ይገባዋል። በነሐሴ ወር 1911 በካሊፎርኒያ ኦሮቪል ከተማ አንድ የተራበ ሰው ከቄራ አጠገብ ተገኘ። ያሂ ከሚባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ የተረፈው የመጨረሻው ሰው ነበር። ወገኖቹ በሰፋሪዎች ተጨፍጭፈው አልቀዋል። ስሙን አልናገርም ስላለ ኢሺ አሉት፤ በቋንቋው ሰው ማለት ነው። በሳን ፍራንሲስኮ የዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ውስጥ ሲኖር ሳክስተን ፖፕ የተባለ ሐኪም ወዳጅ ሆነው። ሐኪሙ ደጋን አሠራር፣ አውሬ አቀራረብና አተኳኮስ ከእርሱ ተማረ። ኢሺ በ1916 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ፖፕ የተማረውን በ1923 በመጽሐፍ አወጣ፤ መጽሐፉም በአሜሪካ የደጋን አደንን እንደገና አስነሳ። በዓለም ዙሪያ ዛሬ በስፖርትነት የሚታወቀው የደጋን አደን አንዱ ሥሩ ያለቀ ከተባለ ሕዝብ በተረፈ አንድ ሰው እጅ ላይ ነው።

ከዚህ ጋር የጻቮን ነገር እናስተያይ። በ1948 የቅኝ ግዛቱ መንግሥት በኬንያ ጻቮን ብሔራዊ ፓርክ አደረገ። በ1956 እና በ1957 በተካሄደው የፀረ ሕገ ወጥ አደን ዘመቻ በርካታ የዋታ አዳኞች ተይዘው ታሰሩ። የዝሆን ጥርስ ንግድ ዝሆንን እያስጨረሰ ስለነበር እንስሳቱን መጠበቅ ተገቢ ነበር። ነገር ግን ከጥርሱ ብዙ ያተረፈው ነጋዴ ነው፤ ወኅኒ የገባው ግን ባለ ደጋኑ ሆነ። ደጋኑም ታሪክ ሳይሆን ማስረጃ ሆኖ ተወሰደ። ኢሺን የጠየቀው ሰው ነበረ፤ ዋታን ግን ከመጠየቅ ማሰር ቀደመ።

ለዛሬው አዳኝ

በምንኖርበት በቪክቶሪያ ሳምባር የሚባለው ትልቅ አጋዘን በ1860ዎቹ ከእስያ መጥቶ ተለቋል፤ ዛሬ በስተምሥራቅ ባሉት ተራሮች በብዛት ይገኛል። የዚህ ምድር ነባር ባለቤቶች ካንጋሩ ሲያድኑ የኖሩት በጦርና በጦር መወርወሪያ ነው። ደጋን በአውስትራሊያ ዋና ምድር አልነበረም፤ የነበረው በሰሜን በቶረስ ስትሬት ደሴቶች ነው። አሁን ሕጉ አጋዘንን በደጋን ማደን ይፈቅዳል፤ ሆኖም ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነው፣ የደጋኑም ጉልበት በሕግ ተወስኗል። ካንጋሩና ሌሎች የአገሩ እንስሳት በሕግ የተጠበቁ ናቸው። ከልጆቻችን አንዳንዱ ወደዚህ ስፖርት ቢሳብ መጀመሪያ ሕጉን ይጠይቅ።

ፍጭቱን ለማጥፋት ግን ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ጠቅላላ ምስጢሩ አንድ ነው፤ ጠንካራው ነገር ጠንካራውን እንዳይነካ በመካከሉ ለስላሳ ነገር ማስገባት። በማሳረፊያው ላይ ቆዳ ወይም ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ይለጠፋል። ማሳረፊያው ሹካ መሰል ከሆነ ጣቶቹ በሙቀት የሚጨማደድ የፕላስቲክ ሽፋን ይለብሳሉ። ፍላጻው ማሳረፊያውን ቢስት የሚያርፍበት የደጋኑ ጎንም እንዲሁ ይሸፈናል። ጨርቁ ሲሳሳ ይለወጣል፤ አሸዋና ጭቃ የያዘ ፍላጻ ለስላሳውንም ቆዳ ያስጮኸዋልና ይጠረጋል። አውታሩ ላይ ትንሽ ፀጉር ወይም ሱፍ ይታሰራል፤ ንዝረቱን ያፍነዋል። ጥጥ ስትነድፍ ጥጡ የተጠመጠመበት አውታር ድምፁ እንደሚታፈን የምታውቅ እናት ይህን ለማስረዳት መሐንዲስ አያስፈልጋትም።

ከዕቃው ይልቅ ግን ሰውየው ይበልጣል። ከአቅም በላይ የሆነ ደጋን አይመረጥም፤ የካምቢሰስ ወንድም ሁለት ጣት ስቦ የቀረው ጉልበቱ ስላልደረሰ ነው። በችኮላ የተሳበ ፍላጻ ይዘላል፤ ቀስ ተብሎ ቀጥ ባለ መስመር የተሳበ ግን ዝም ይላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት እዚህ ላይ በደንብ ይሠራል። የጃኬቱ እጅጌ እንኳ ቢፋጭ አጋዘን ይሰማዋል። ይህ ጸጥታ ለእንስሳውም ምሕረት ነው፤ ያልደነገጠ እንስሳ በአንድ ፍላጻ ይወድቃል፣ የደነገጠው ግን ቆስሎ ዱር ይገባና ሲሰቃይ ይከርማል።

ልብ በሉ፤ ቆዳው፣ ሱፉ፣ ፀጉሩ፣ ዝግታው ሁሉ አዲስ ግኝት አይደለም። ሱቁ የሚሸጥልን ከብረቱ ሥር የጠፋውን የሰው እጅ ምትክ ነው።

የሚቀረን ሥራ

ውድ አንባቢያን፣ በምዕራብ ሜልበርን ከቦረና፣ ከመተከል፣ ከጋምቤላ፣ ከኦሞ የመጡ ወገኖች ከእኛ ጋር በአንድ ገበያ ይገበያያሉ፣ በአንድ ባቡር ይሳፈራሉ። ከመካከላቸው አባቱ ወይም አያቱ ደጋን የሚሠራ፣ ለደጋን የሚሆነውን እንጨት በስሙ የሚያውቅ፣ አውታሩ ከየትኛው ጅማት እንደሚፈተል የሚናገር ሰው አይጠፋም። አማርኛችን ለደጋን ክፍሎች ያለው ቃል ጥቂት ነው፤ የእነርሱ ቋንቋ ግን ሙሉ መዝገብ ሊኖረው ይችላል። ያ መዝገብ የሚኖረው በሽማግሌዎች አፍ ነው። ሽማግሌ ሲሞት ደግሞ አብሮት ይቀበራል።

ስለዚህ በየማኅበሩ፣ በየእድሩ፣ በየቡናው ጠረጴዛ አዛውንቶቹ ይጠየቁ። ልጆች በስልካቸው ይቅረጹ፤ በእንግሊዝኛ ብቻ ሳይሆን በተናጋሪው ቋንቋ ይጻፉ። የተናቀን ሰው እውቀቱን መጠየቅ ከይቅርታ ሁሉ የሚቀድም ይቅርታ ነው። ድምፅ የሌለው ፍላጻ ለአዳኙ ሲሳይ ነበር፤ ድምፅ የሌለው ሕዝብ ግን ለማንም አይበጅም። ኢሺን አንድ ሐኪም ስለጠየቀው ዓለም ተማረ። እኛ የምንጠይቃቸው ገና በሕይወት አሉ፤ ጎረቤቶቻችንም ናቸው።

ቸር ይግጠመን።